ናዲሻ ጫካ የገባች ሰሞን

ናፖሊ፣ ጁን 2 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ ለጂናዳሳ፤

ከእግርዎ ሥር ተንበርክኬ ሰላም እላለሁ። የቡድሃው፣ የትምህርቱና የመነኮሳቱ ጥበቃ ከእርስዎም ከአክስቴ ከሶማዋቲም አይለይ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማታ ማታ እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ የሚያስወራ ሕመም የለብኝም። የማስታምማቸው ሲኞራም ደህና ናቸው። ዘጠና አንድ ዓመት ሞልቷቸው አሁንም ሾርባው ጨው በዛ ብለው ይቆጡኛል።

አጎቴ፣ ነገር ሳላንዛዛ ልንገርዎ። ናዲሻ አብዳለች። ይሄ እብደት ካልሆነ ምን እንደሚባል አላውቅም። በኦገስት የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት አላት፤ እኩዮቿ ባሕሩ ዳር ተጋድመው ፀሐይ ሊሞቁ ሲዘጋጁ እሷ ከጓደኛዋ ከጁሊያ ጋር ድንኳን ገዝታለች። ኬሌጋማ መጥታ፣ ከእርስዎ ቤት በላይ ባለው ጫካ ውስጥ አምስት ሌሊት ልታድር! ካርታውን ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርበታለች።

እኔ ከዚያ ጫካ ግርጌ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ለማገዶ፣ ለመድኃኒት ቅጠል ወይም ኪቱል ዛፍ ላይ ወጥቶ ጭማቂ ለመቅዳት ካልሆነ፣ ለደስታው ብሎ የገባ ሰው አላየሁም። ለደስታው ብሎ አልቅት የሚመግብ ማን ነው? ጭጋጉ ሲወርድ ደግሞ ሰው የገዛ እጁን እንደማያይ እርስዎ ያውቃሉ።

እኔ እምቢ እንዳልላት አፍ አጣሁ። ሁለት ዓመቷ ሳለ አንስቻት የወጣሁ ነኝ። አባቷን በወጉ ሳታውቀው ሞተ። አገሬን ልይ ስትለኝ በምን አፌ አትሂጂ እላታለሁ? አብሬያት እንዳልመጣ ሲኞራዋን የምጥልበት ሰው የለም። እናቴ ብትኖር ለእሷ እጽፍ ነበር፤ አሁን ከእናቴ ወገን የቀሩኝ ወንድሟ እርስዎ ብቻ ነዎት። እባክዎ እምቢ ይበሉልኝ። ጫካው ተዘግቷል፣ መንገዱ ተንዷል፣ የፈለጉትን ይጻፉ። ደብዳቤውን አሳያታለሁ፤ ትንሽ ታለቅስና ይወጣላታል።

ልጅዎ ካንቲ


ኬሌጋማ፣ ጁን 17 ቀን 1997

ለልጄ ለካንቲ፤

ሦስቱ ጠባቂዎቻችን በሰው አገር ከፊትም ከኋላም ይሁኑልሽ። እኛ ደህና ነን። ሶማዋቲ ጉልበቷን ያማታል፤ አፏ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ግን ተቀድመሻል። የልጅሽ ደብዳቤ ካንቺው አራት ቀን ቀድሞ ገብቷል። በራሷ እጅ፣ በእኛው ፊደል! ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። ሶማዋቲ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ሁለት ጊዜ አለቀሰች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንተ ምን ይገትርሃል? ልጅ እየመጣች አይደል፣ ጣራውን ጠግን እንጂ!" ብላ ጮኸችብኝ። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ ጣራው ላይ ሆኜ ነው። እንግዲህ ከጣራው ወርጄ ነው ጫካው ተዘግቷል የምላት? ጫካ የሚዘጋ በር አለው እንዴ?

ፈሪ ሆነሻል ካንቲ። እኔ እዚህ ጫካ ውስጥ ኪቱል ስቀዳ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ዓምና ሁለት ጀርመኖች ይዤ ገባሁ፣ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። አንደኛው የወጣው እያለቀሰ ነው፤ ቢሆንም ወጥቷል።

ጫካው ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ላከበረለት ክፉ አይደለም። ስንገባ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ሰብረን መግቢያው ላይ ባለው ዛፍ እንሰቅላለን፤ ለጫካው ጌታ መጣን ማለታችን ነው። ነብሩን በስሙ አንጠራም። እባቡንም ገመድ ነው የምንለው። ለልጅሽ ይህን ሁሉ አስተምራታለሁ። በሁለት እግሯ እንደገባች በሁለት እግሯ አወጣልሻለሁ፤ ይህን የምጽፍልሽ አፌን ሞልቼ ነው።

ጠንከር ያለ የእጅ ባትሪ አስይዣት። ለሶማዋቲ ደግሞ የዝናብ ካፖርት፤ ቀለሙ ቀይ ይሁን ብላለች። በዚህ ዕድሜዋ ለማን ልትታይ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አጎትሽ ጂናዳሳ


ናፖሊ፣ ጁላይ 5 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ፤

እጆቼን አጋጥሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለእርስዎም ለቤትዎም ጤና ይስጥልን።

ተሸነፍኩ። ደብዳቤዎን ናዲሻ ከእጄ ነጥቃ አነበበችው፤ ጀርመኑ ጋ ስትደርስ ከሳቋ ብዛት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሷ ስትስቅ ማየት ብርቄ ስለሆነ እኔም ሳቅኩ። ሌሊቱን ግን ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ።

እንግዲህ አደራዬን ይስሙኝ። ጉሮሮዋ ቶሎ ይታመማል፤ ውሃ ሳይፈላ እንዳትጠጣ። ወንዙ ሲሞላ እንዳታሻግሯት። እርስዎ ከፊት ከሄዱ ከኋላ ሌላ ሰው ይኑር። ቦት ጫማ ገዝቼላታለሁ፤ ለአልቅቱ ደረቅ ሳሙና እግሯን አስቀብተው ይሰዷት፣ እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገን። ባትሪውም ካፖርቱም ሻንጣዋ ውስጥ ናቸው። ካፖርቱ ቀይ ነው፤ እንደ እሳት አደጋ መኪና።

እሷ በጭራሽ አታስቸግርዎትም። ልጄ ስለሆነች አይደለም፤ ጨዋ ናት። ድምፅዋ እንኳ አይሰማም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ናዲሻ ኦገስት 12 ከጫካ እንደምትወጡ ነግራኛለች። የወጣችሁ ዕለት ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። ከቻሉም መገናኛው መንገድ ላይ ካለው ሱቅ ይደውሉልኝ፤ ቁጥሬን ናዲሻ ይዛዋለች። እዚያ ሆነው ቀላል ይመስልዎታል፤ እኔ ግን እዚህ የሰው ቤት ተቀምጬ ከመቁጠር ሌላ ሥራ አይኖረኝም።

ልጅዎ ካንቲ


ኬሌጋማ፣ ኦገስት 6 ቀን 1997

ለልጄ ለካንቲ፤

በረከት ይብዛልሽ፤ ያሳደግሻትንም በረከት ይከተላት። ልጅሽ ደርሳለች! ሰኞ ከአውቶቡሱ ስትወርድ እናትሽ ከመቃብር ተነስታ የመጣች መሰለኝና ዘንጌን ጣልኩት። ግንባሩ፣ አካሄዱ፣ ያው ነው። ሶማዋቲ አቅፋ አልለቅም አለቻት፤ አውቶቡሱ ጥሩንባ እየነፋ ቆሞ ቀረ።

ሶማዋቲ ካፖርቱን ከለበሰችው ሦስተኛ ቀኗ ነው። ፀሐይ ነው፣ ቤት ውስጥ ናት፣ ሩዝ ትለቅማለች፤ በካፖርት። ጎረቤት ሁሉ ሊያያት መጥቶ ሄዷል።

ልጆቹ ሩዙን በእጃቸው ነው የሚበሉት። ሶማዋቲ ከኮኮናቱ ጋር የምትደቁሰውን ቃሪያ ናዲሻ እንባዋ እየወረደ "ይጣፍጣል" ትላለች። ጁሊያ የምትባለዋ የእኛን ቋንቋ አታውቅም፤ ግን ደፋር ናት፣ ሳቋ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ትናንት ለልምምድ ብዬ እስከ ታችኛው ፏፏቴ ወሰድኳቸው። "ገመድ አለ፣ ተጠንቀቂ" ስላት ናዲሻ ልታነሳልኝ ጎንበስ አለች! በቀሚሷ ጎትቼ ነው ያስቀረኋት። ሦስት ጊዜ አስረድቻት አሁን ገብቷታል። አልቅቶቹም በደንብ ተቀብለዋቸዋል። ጁሊያ አሥራ አንድ ቆጠረች፣ ናዲሻ አልቆጠረችም፤ ዝም ብላ በሳሙና ታራግፋለች።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞናል። ልጅሽ ውሃ ሲጠማት እንኳ አትጠይቅም። ዞር ብለን እስክናያት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሶማዋቲ "ይቺን ልጅ ምን አድርገው ነው ያሳደጓት?" አለች። እኔ ጨዋነት ነው አልኳት።

ነገ እንገባለን። ይህን ፖስተኛው ሊወስድልኝ ቆሞ እየጠበቀ ነው። አትስጊ፤ ሌሊቱንም ተኚ።

አጎትሽ ጂናዳሳ


ኬሌጋማ፣ ኦገስት 14 ቀን 1997

ለካንቲ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ልጆቹ ከጫካ ወጥተዋል። ዝናቡ ቀደም ብሎ ስለመጣ ትንሽ ተቸግረን ነበር፤ አሁን ሁሉም ደህና ነው። የመገናኛው ስልክ ምሰሶ በዝናቡ ወድቋል። ናዲሻ አገሩን ስለወደደችው ጥቂት ቀን ልትጨምር አስባለች። አንቺም ስለ እሷ አታስቢ። ከዚያ ምንም እንዳትልኪ፣ ምንም አያስፈልገንም።

ጂናዳሳ


ናፖሊ፣ ኦገስት 19 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የኦገስት 6 ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ስለ ካፖርቱ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ቀን መቁጠሪያውን አየሁና ሳቄ ጠፋ።

ኦገስት 12 ካለፈ ሳምንት ሆነው። ለሱቁ ስምንት ጊዜ ደውያለሁ፤ ይጠራል ይጠራልና ይቆረጣል። የጁሊያ እናት ቤት ደወልኩ፤ እሳቸው "ልጆች ናቸው፣ እየተዝናኑ ነው" አሉኝ። እኔ ግን ያንን ዝናብ አውቀዋለሁ። ወንዙ ሞልቶ ይሆን? ወድቃ ይሆን? ታማ ከሆነስ የት አስተኟት? ሲኞራዋን ሳጥብ ሳሙናውን ዓይናቸው ውስጥ ከተትኩት፤ ስንት ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

እባክዎ አጎቴ፣ ጨዋታ አይጻፉልኝ፤ ደህና ናት የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ ይጻፉልኝ።

ካንቲ


ናፖሊ፣ ኦገስት 27 ቀን 1997

ለአጎቴ ለጂናዳሳ፤

ጤና ይስጥልኝ። የኦገስት 14 ደብዳቤዎ ትናንት ገባ። ደህና ናት የምትለዋን ቃል ለምኜ ነበር፤ ሳልለምን ቀድማ ተልካልኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። አንዱንም አላመንኩትም።

ጽሑፉ የአክስቴ የሶማዋቲ ነው፤ እሷ ናት ነጥቡን እንደ ሚስማር የምትተክለው። እርስዎ ለምን አልጻፉም? በሕይወትዎ ቀልድ የሌለበት ደብዳቤ ልከውልኝ አያውቁም፤ እናቴ የሞተች ጊዜ እንኳ ስለ ቀብሩ ውሻ ጽፈውልኝ ነበር። ደግሞ "ምንም እንዳትልኪ" ይላል። እርስዎ ነዎት ምንም እንዳትልኪ የሚሉት?

እሑድ ስልክ ተደወለልኝ። ናዲሻ ናት። "ደህና ነኝ እማ፣ አትጨነቂ፣ ሥራሽን ስሪ" ብላ ዘጋችው። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከኋላዋ የጋሪ ድምፅ ሰማሁ፤ ብረት ጋሪ፣ ወለል ላይ የሚንኳኳ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሲኞራዋ ዳሌያቸው የተሰበረ ጊዜ አርባ ቀን ሰምቼዋለሁ። ልጄ ሆስፒታል ናት አይደል?

ጁሊያ ብቻዋን ተመልሳለች። ቤቷ ድረስ ሄድኩ። አየችኝና አለቀሰች። "ራሷ ትንገርሽ" አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ቃል ከአፏ ማውጣት አልቻልኩም።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነዎት፤ እንዲህ ብዬ ጽፌልዎ አላውቅም። አሁን ግን እጽፋለሁ። ልጄን ምን አደረጓት?

ካንቲ


ኬሌጋማ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1997

ለልጄ ለካንቲ፤

የምጽፈው ቡራኬ ከእኔ እጅ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ ቢሆንም ጥበቃው አይለይሽ።

መጀመሪያ የምትፈልጊውን ልንገርሽ። ናዲሻ ደህና ናት። ቀኝ እግሯ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰብሮ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ እግሯን ትጣ አትጣ አናውቅም ነበር። ተርፏል። ነገ ከሆስፒታል ትወጣና ወደ እኛ ትመጣለች። ሐኪሙ ትንሽ እያነከሰች ልትቀር ትችላለች ብሏል። ልጅሽን በሁለት እግሯ አወጣታለሁ ያልኩሽ እኔ ነኝ።

የኦገስት 14ቱን ሶማዋቲ የጻፈችው በገዛ እጄ ልጽፈው ስላልደፈርኩ ነው። ቃሉ ግን የኔ ነው። እሷ "እውነቱን ንገራት" ብላ እስክሪብቶውን ወርውራብኝ ነበር። ናዲሻም "እማን አትንገሯት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" ብላ ለመነችኝ፤ እኔም በልመናዋ ተሸሸግኩ። ስልኩ በመበላሸቱም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ኦገስት 9፣ ድንኳኑን ጅረቱ አጠገብ ትተን ወደ ላይኛው ሸንተረር ስንወጣ ነበር። ከኋላ የሚሄድ ሰው ይኑር ብለሽኝ ነበር፤ አልያዝኩም፤ ለሁለት ሴት ልጅ እኔ አንሳለሁ ወይ ብዬ። ናዲሻ ቅጠል ላይ የተቀመጠች እንቁራሪት ፎቶ ላንሳ ብላ ቀረት አለች። እኔና ጁሊያ መታጠፊያውን እንዳለፍን ጭጋጉ ወረደ። ያኔ ነው ጥሪው የመጣው።

"አጎት ጂናዳሳ!"

አንድ ጊዜ። ደግሞም ከመንገዱ አይደለም፤ ከግራ በኩል፣ ከገደሉ ሥር፣ ሰው ሊኖርበት ከማይችል ቦታ።

አንቺ የዚህ ሰፈር ልጅ ስለሆንሽ ገብቶሻል። ጫካ ውስጥ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም። "ሁ" ብለን ነው የምንጠራራው፣ ሦስት ጊዜ፤ መልስም ከሦስተኛው በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በስምህ የጠራህ ነገር ሰው አይደለም። ከመለስክለት መንገድህን ያስትሃል። እኔ ይህን የተማርኩት ሳላውቀው ነው፤ መራመድ እንደተማርኩት። ለልጅሽ ነብሩን አስተማርኩ፣ ቅርንጫፉን አስተማርኩ፣ ይህን ግን አላስተማርኳትም። የማያውቀው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ጁሊያ ወዲያው ዞረች። "ናዲሻ!" ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ አፈንኳት። አዎ ካንቲ። በዚህ እጄ። ዝም በይ እያልኳት፣ እሷ ዓይኗ ፈጦ፣ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ዝናቡ መጣ እንጂ ጥሪ አልመጣም። እንግዲህ ሰው አይደለም አልኩና ጁሊያን እጇን ይዤ ፈጠን ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ናዲሻ ከኋላችን በመንገዱ ያለች ነው የመሰለኝ። ከልጅሽ ሸሸሁ እንጂ ከሌላ ከምንም አልሸሸሁም።

ሸንተረሩ ላይ ደርሰን ጠበቅናት። ስትዘገይብን ወረድን። እንቁራሪቷ የነበረችበት ቦታ ጭቃው ላይ የተንሸራተተ እግር ምልክት አገኘሁ፤ ወዲያው ዝናቡ ያንንም አጠበው። ሰማይ ተደፋብኝ።

የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ሠላሳ አራት ሰው በተራራው ተበትኖ ሁለት ቀን "ሁ" ሲል ዋለ። ልጅሽ ሰምታናለች ካንቲ! ከእኛ ሦስት መቶ እርምጃ ራቅ ብላ ድንጋይ ሥር ተቀምጣ ሰምታናለች። "ጦጣዎች መስለውኝ" አለች። ደግሞ እውነቷን ነው፤ የኛ ጦጣ እንዲያው ነው የሚጮኸው።

ያገኘቻት ሶማዋቲ ናት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ያንን ካፖርቷን ለብሳ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ወንዶቹን ገፍትራ ገባች። "የት ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"ልጄን ልጠራ።"

"በስሟ አይጠራም ሶማዋቲ፣ ጫካው ይሰማል።"

"ይስማ! ጆሮ ካለው ይስማ! ያንተን ሥርዓት ወስደህ ኪቱልህ ላይ ስቀለው!" ከዚያ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ "ናዲሻ! አንቺ ናዲሻ! ምን ያለሽ ልጅ ነሽ፣ ናዲሻ!" እያለች ቁልቁለቱን ወረደች። ብዙም አልቆየች። ከድንጋዮቹ መሃል አንዲት ትንሽ ድምፅ "አቤት" አለች።

በኋላ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ፣ "ምነው ልጄ፣ ምነው ደግመሽ አልተጣራሽም?" አልኳት።

"ጠርቼ ነበር እኮ አጎቴ።"

"አንድ ጊዜ!"

"አዎ። ካልመጡ ሥራ ላይ ናቸው ብዬ ጠበቅኩ።"

"የምን ሥራ? ጫካ መሃል እኔ ምን ሥራ አለኝ?"

ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት አልኩ። ትኩሳቱ ከለቀቃት በኋላም ደግሜ ጠየቅኳት፤ ያንኑ አለችኝ፣ እንዲያውም እኔ እንዴት እንዳልገባኝ የገረማት ትመስላለች። ሁለት ሌሊት ዝናብ ላይ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ አንድ ጊዜ ተጣርታ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ይህ ምንድን ነው ካንቲ? አንቺ ታውቂው እንደሆነ ንገሪኝ፤ እኔ እያሰብኩት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በደሉ ግን የእኔ ነው። የፈለግሽውን ጻፊልኝ፤ እቀበላለሁ።

ጂናዳሳ


ናፖሊ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1997

ለአጎቴ ለጂናዳሳ፤

ለእርስዎም፣ ለአክስቴም፣ አጠገባችሁ ለተኛችውም ልጄ ጥበቃው አይለይ።

ደብዳቤዎን እስከ አጋማሹ ሳነብ ልረግምዎ ነበር። ከወንበሬ ተነስቼ ረገምኩዎትም፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጮክ ብዬ፣ በቋንቋችን። የጁሊያን አፍ ማፈንዎን አሁንም ይቅር አላልኩዎትም። አንድ ቀን ይቅር እል ይሆናል፤ ዛሬ ግን ውሸት አልጽፍልዎም።

ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ ጋ ደረስኩ። መልሱን አውቀዋለሁ አጎቴ። መልሱ እኔ ነኝ።

እዚህ ቤት ስቀጠር ናዲሻ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። የሲኞራዋ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ፤ "ድምፅዋ እስካልተሰማ ድረስ መኖር ትችላለች።" ከወጥ ቤቱ ጀርባ አልጋ ብቻ የምትይዝ ክፍል ሰጡን። እኔም አስተማርኳት። አጠገቧ ተንበርክኬ፣ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪኝ፣ ቀስ ብለሽ። ካልመጣሁ ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው። ደግመሽ እንዳትጠሪ፣ ያባርሩናል" አልኳት። በዚያ ዕድሜዋ ያባርሩናል የሚለውን ቃል ታውቀዋለች።

አራት ዓመቷ ሳለ የፈላ ውሃ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። "እማ" አለች፤ ሰምቻታለሁ። ሲኞራዋን ገንዳ ውስጥ ይዣቸው ነበር። ምንም አይደለም፣ ቢብስባት ኖሮ ትደግመው ነበር አልኩ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ አልብሼ ስመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ክንዷን እፍ እያለች አገኘኋት። አላለቀሰችም። ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት ያለች የታረመች ልጅ ናት አለ። እኔም ኮራሁ። ምን ዓይነት እናት እንደሆንኩ ይዩ፤ ኮራሁ እኮ።

እርስዎ ሦስተኛውን ጥሪ ሲጠብቁ፣ ልጄ ሁለተኛው አልነበራትም። የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ዝም የምትል ልጅ አሳድጌ፣ ድምፅዋ አይሰማም ብዬ በገዛ እጄ አወድሼ የላክሁልዎ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 27 እመጣለሁ። ለሲኞራዋ ልጅ ትናንት ነገርኳቸው። "እናቴን ማን ያያታል?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ አላውቅም አልኳቸው። ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን አሉ። ይስጡ።

ይህን ለናዲሻ አያንብቡላት። ምን እንደምላት ገና አላወቅኩም፤ አውሮፕላኑ ላይ የማስብበት ጊዜ አለኝ። ብቻ አክስቴ ሶማዋቲ ከአጠገቧ እንዳትርቅ፤ አፏንም እንዳትዘጋ፣ እንደ ልቧ ትጩህ።

ይህን ስጽፍ ሲኞራዋ ከመኝታ ቤት እየጠሩኝ ነው። አሁን ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እሰማለሁ፤ ግን አልተነሳሁም፣ ስለ ልጄ እየጻፍኩ ነው።

እንደገና ጠሩኝ።

ይጥሩ።

ካንቲ